ለጤናው ሲባል ኮረብታ ላይ ስለወጣው የአየር መለኪያ

ለተከበሩ የከተማችን የአየር ጥራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
አራተኛ ፎቅ፤ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ሳንባዎ፣ ጉሮሮዎ፣ ልብዎ፣ እንዲሁም አሳንሰሩ ሲበላሽ ደረጃ ለመውጣት የሚያስፈልግዎት ትንፋሽ ሁሉም በያሉበት ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ብዙ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ጤና የሚመኘው ለወጉ ያህል ነው። እኔ ግን በዚሁ ሕንፃ፣ ከእርስዎ አራት ፎቅ ዝቅ ብሎ በመስኮት ቁጥር ሦስት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሞት መዝጋቢ ሆኜ የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ፣ ጤና ስመኝ ከልቤ መሆኑን ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ። እርስዎን በሥራዬ ምክንያት ማግኘት በፍጹም አልፈልግም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ባለፈው ማክሰኞ ከጽሕፈት ቤትዎ በወጣ፣ ማኅተሙ ባማረ አንድ ማስጠንቀቂያ ምክንያት ነው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ከሕንፃችን ማዶ ለሚሠራው ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ «ያለ ፈቃድ የአየር ጥራት በመለካት» ጥፋት በሱቁ ደጃፍ የሰቀለውን ነጭ ጨርቅ በሰባት ቀን ውስጥ እንዲያወርድ ያዝዛል። ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ካነበበው በኋላ ወደ መስኮቴ አምጥቶ «እትዬ፣ ጨርቅ መሣሪያ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል እንደማደርስለት ቃል ገባሁለት። የሚመለከተው አካል እርስዎ ነዎት። ነገሩ ግን ከጨርቁ ስለማይጀምር፣ ትዕግሥትዎን እየለመንኩ ከመነሻው ልተርክልዎት።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከሕንፃችን ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ምሰሶ ተተክሎ፣ በላዩ ግራጫ ሳጥን፣ ከሥሩ ደግሞ ቁጥርና ቀለም የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቀለበት። በምረቃው ዕለት እርስዎ ንግግር ሲያደርጉ እኔ ከተሰለፉት ባለጉዳዮች ጋር ከኋላ ቆሜ እሰማ ነበር። ሳጥኑ የሚለካው ከፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጅ የሚያንስ ደቃቅ ብናኝ መሆኑን፣ ይህ ብናኝ በአፍንጫ ስለማይያዝ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ከዚያም ወደ ደም እንደሚገባ አስረዱን። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ የሚተነፍሰውን ሳያውቅ የሚውል ሰው አይኖርም» ብለውም ጭብጨባ አገኙ። ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነበርኩ። በንግግርዎ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ አምኜዎት ነበር።

መስኮቴ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ይመለከታል። በእኔ ሥራ ደግሞ ትንንሽ ባዶ ጊዜ አይጠፋም። የሟች ቤተሰብ መታወቂያ ሲፈልግ፣ ወይም ታላቅ ወንድምና ታናሽ እህት አባታቸው የተወለዱበት ዓመት ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ እኔ ብዕሬን ይዤ እጠብቃለሁ። እንዲያው እጄ ሥራ እንዳይፈታ የየጠዋቱን የሰሌዳ ቁጥር በመዝገቡ ኅዳግ ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀመርኩ። ሰው ስልክ እያወራ ወረቀት ላይ አበባ እንደሚሥለው ማለት ነው።

በመስኮት ቁጥር ሁለት የምትሠራው የልደት መዝጋቢዋ ጓደኛዬ ግን ነገር አታልፍም። የእሷ ባለጉዳዮች እየሳቁ ስለሚመጡ ዙሪያዋን የምታይበት ጊዜ አላት። አንድ ሐሙስ የእኔን ሰልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችና «ሰኞና ማክሰኞ ሰሌዳው ቀይ ነበር አይደል?» አለችኝ። የራስሽን መስኮት ጠብቂ አልኳት። አልጠበቀችም። የአሥራ አራት ወር ገጾች አስወጣችኝና ለሦስት ሳምንት የምሳ ሰዓታችንን በሙሉ ሠዋን። የምዝገባውን ቀን ትተን ሰው የሞተበትን ቀን ያዝን፤ በመኪና አደጋ የሞቱትን አወጣን፤ ብርዱን ወር ከብርዱ ወር፣ ሙቀቱን ከሙቀቱ ጋር አነጻጸርን። ሰሌዳው አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት በአማካይ አርባ አንድ ሰው ይሞታል። ቀይ ከሆነ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት አርባ አራት። የጨመሩት በአብዛኛው የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ ዕድሜያቸውም ከስልሳ ያለፈ ናቸው።

ልዩነቱ ሦስት ሰው ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ሲያዩት ሦስት ብዙ ቁጥር እንዳልሆነ እረዳለሁ። መስኮት ላይ ሆነው ሲያዩት ግን ሦስት ሰው ማለት ሦስት ቤተሰብ ነው፤ ሁሉም ፊቴ ቆመው «ትናንት እኮ ደኅና ነበር» ይሉኛል፤ እኔም ለሦስቱም አንገቴን እነቀንቃለሁ።

ሥራችንን በንጹሕ ገልብጠን አስገባን። እርስዎም በክብር ተቀብለው ስብሰባ ጠሩልን፤ ለዚህ አሁንም ምስጋናዬ አልተቀነሰም። በስብሰባው ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ ግድግዳው ላይ ቀይ ነጥብ በምታበራ እርሳሱ እየጠቆመ፣ ሁለት ነገር አብሮ መምጣቱ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት እንዳልሆነ ለግማሽ ሰዓት አስተማረን። የልደት መዝጋቢዋ እጇን አውጥታ «ልክ ነዎት፤ በእኔ መስኮት ግን ሁለቱ አብረው ከመጡ ከዘጠኝ ወር በኋላ ውጤቱን እመዘግባለሁ» ስትል እርስዎ ከሁሉ በላይ ሳቁ። ሳቅዎን እስከ ዛሬ እያነሳች ትደሰታለች። ሲያሰናብቱንም «አስቸኳይ እርምጃ ይወሰዳል» አሉን፤ ቃልዎንም አላጠፉም። በአምስተኛው ሳምንት ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጥተው ሳጥኑን አወረዱና ወስደው መኪና በማይደርስበት ኮረብታ ጫፍ፣ የችግኝ ጣቢያው ውስጥ ተከሉት። ሰሌዳው ግን ቁጥሩን ከኮረብታው እየተቀበለ እዚያው መናኸሪያው በር ላይ ቀረ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ምስጋናዬን፣ ለፋይል አያያዝ እንዲመችዎ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሳጥኑ ጤና። ለምን ተነሣ ብለን በጽሑፍ ስንጠይቅ «መሣሪያው በአካባቢው ባለው ከፍተኛ ብናኝ ምክንያት ለተደጋጋሚ ብልሽት በመጋለጡ፣ ለደኅንነቱ ሲባል ወደ ተሻለ ስፍራ ተዛውሯል» የሚል መልስ ሰጥተውናል። ብናኙ ጉዳት እንደሚያደርስ ጽሕፈት ቤትዎ በማኅተም ሲያረጋግጥ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቼ ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜዋለሁ። ሳጥኑ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ይህን ያህል ከታመመ፣ እዚያው በር ላይ አርባ ዓመት የቆሙት ትኬት ቆራጭ የሚዛወሩበት ኮረብታ ይኖር እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፪. ስለ አረንጓዴው ቀለም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰሌዳችን ይኸው መቶ ሠላሳ ሰባት ቀን ያለማቋረጥ አረንጓዴ ነው። አውቶቡሶቹ ጥቁር ጭሳቸውን ቀጥታ ሰሌዳው ላይ ሲለቁበት እንኳ ቀለሙ አይለወጥም፤ እንዲህ ያለ ጽናት በሰውም አላየሁ። የአየሩ መሻሻል ለሟቾች በወቅቱ ስላልተገለጸላቸው ግን እነሱ በቀድሞው አሠራር ቀጥለዋል።

፫. ስለ ታላቅ ወንድሜ። ይህ ቁጥር ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

ወንድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ወላጆቻችን ቶሎ ስላለፉ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ዛሬም ሃምሳ ዓመቴን ይዤ «አንቺ ልጅ» ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ቀን ጡሩምባ ነክቶ ስለማያውቅ የሥራ ጓደኞቹ «ጡሩምባው» ብለውት ቀረ። ጡረታ ሲወጣ ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር የደከመ ሳንባ ነው። ሐኪሙ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ካልተራመደ ትንፋሹ ይበልጥ እንደሚያጥር ነግሮት፣ ነገር ግን አየሩ ቀይ በሆነበት ቀን ከቤት እንዳይወጣ አጥብቆ አስጠነቀቀው። «ሰሌዳውን እያየህ ውጣ» አለው። ለጡሩምባው ከዚህ የቀለለ ትእዛዝ አልነበረም። ቀይ ሲያይ መቆም፣ አረንጓዴ ሲያይ መሄድ ሙያው ነው።

ሳጥኑ ከተነሣ በኋላ ሰሌዳው የሚያሳየው የኮረብታውን አየር መሆኑን ነገርኩት። አንድ ጊዜ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ነገርኩት። እሱ ግን «አንቺ ልጅ፣ አረንጓዴ እየበራ ከቆምኩማ ከኋላዬ ያለው ምን ይለኛል?» እያለ ጫማውን ያስር ነበር። የእኔን ቃል ከጽሕፈት ቤትዎ ሰሌዳ ጋር አመዛዝኖ የእርስዎን በመምረጡ እንደሚኮሩ አልጠራጠርም። እንዲህ ያለ ታማኝ ዜጋ ብዙ የለዎትም።

ሰሌዳው አረንጓዴ ከሆነ በአራተኛው ሳምንት፣ የመናኸሪያው የወዲያኛው በር በጭጋግ በማይታይበት ጠዋት፣ ሰሌዳው ላይ «ስምንት» ተጽፎ ነበር። ስምንት በጣም ንጹሕ ቁጥር ነው። ጡሩምባው መናኸሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሮ በሦስተኛው ልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ከንፈሩ መጥቆሩን ሲያይ የስፌት መኪናውን እንደበራ ትቶ ወጣና ከሁለት የአውቶቡስ ረዳቶች ጋር በብርድ ልብስ ተሸክመው ወደ ሆስፒታል የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አስገቡት። እኔ በመስኮቴ አንድ ሰው ተሸክመው ሲሄዱ አይቻለሁ። አይቼም የሌላ ሰው አባት ስም መጻፌን ቀጠልኩ። የልደት መዝጋቢዋ ተነሥታ መጥታ ብዕሩን ከእጄ ወሰደችና «ጫማውን አወቅሁት፤ ተነሺ» አለችኝ።

አሥራ አንድ ቀን ኦክስጅን ተሰክቶለት ተኛ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ ሲያነጋግረኝ፣ ድምፁን የማውቀው ድምፅ ሆኖ አገኘሁት፤ ሰዎች መስኮቴ ጋ ደርሰው ከመናገራቸው በፊት የሚያወጡት ዓይነት ድምፅ ነው። ያን ዕለት ማታ የልደት መዝጋቢዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ምናልባት ቢሆን፣ ያንቺን መስኮት እኔ እይዛለሁ» አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ የእኔን ሰው ማን እንደሚጽፈው አስበን አናውቅም ነበር። ክቡር ሆይ፣ በዚህች አንቀጽ ላይ ምስጋና ለማስገባት ሞክሬ ቦታ ስላጣሁላት እንዳለች ትለፍልኝ።

ወንድሜ ግን ተረፈ። ጭምብሉ ሲነሣለት መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰሌዳው ዛሬ ምን እንደሚል ነው። አረንጓዴ ነው አልኩት። ጣሪያውን እያየ «እንግዲያው የተበላሸሁት እኔ ነኝ» አለኝ። አልጋ ላይ ሆኖ ለሰሌዳዎ ይቅርታ የጠየቀ ሰው መኖሩን ማወቅ የሚያስደስትዎ ከሆነ ደስታዎን አልነፍግዎትም።

፬. ስለ ጨርቁ። ጡሩምባው ወደ ቤት ሲመለስ ደጅ መውጣት ፈራ። ከመኝታ ቤቱ እስከ ወጥ ቤቱ አሥራ አምስት እርምጃ ነው፤ እሷኑ እየተመላለሰ መራመድ ጀመረ። ልብስ ሰፊው ሊጠይቀው መጥቶ ይህን ካየ በኋላ በማግሥቱ መሐረብ የምታህል ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ቆርጦ ጠዋት ደጃፉ ላይ ሰቀለ። በየማግሥቱ አውርዶ ከነቀኑ ደጃፉ ላይ ባቆመው ጣውላ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያያይዛታል፤ ሌላ ይሰቅላል። ቀኑን የምትጽፍለት የልደት መዝጋቢዋ ናት፤ ጽሕፈቷ እንደሚያምር ከልደት ምስክር ወረቀቶች ያውቃሉ። አንዱ ጨርቅ ገለባ መሰለ፣ አንዱ አመድ፣ አንዱን ደግሞ ልብስ ሰፊው በጣቱ ቢነካው ጣቱ ጠቆረ።

እውነቱን ለመናገር ጨርቅ ያን ደቃቁን ብናኝ አይዝም። ጨርቁን የሚያጠቁረው ሻካራው ነው፤ ደቃቁ ሾልኮ ወደ እኛ ይመጣል። ይህን ለሚያነብ ሁሉ ከጨርቆቹ ሥር ጽፈን ለጥፈናል። ሻካራው በበዛበት ቀን ደቃቁ ዕረፍት ወጥቷል ብለን ግን አናምንም። ማስጠንቀቂያዎ እንደሚለው ጨርቁ በባለሙያ አልተፈተሸም፤ የመለኪያነት ማረጋገጫም የለውም። ያለው ችሎታ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው በሚተነፍስበት ቦታ ተሰቅሏል።

ከዚያ የሆነውን እኛም አልጠበቅነውም። በመጀመሪያ የቆሙት እናቶች ነበሩ፤ ሕፃን ያዘለች ሁሉ ጨርቆቹን አይታ ወደ ማዶው መንገድ ትሻገራለች። ከዚያ የጡሩምባው የቀድሞ ጓደኞች፣ ሾፌሮቹ፣ አንድ በአንድ መጥተው አዩና ሄዱ። በሳምንቱ አንዱ ሾፌር ተሳፋሪ እስኪሞላለት ድረስ ሞተሩን አጠፋ። ቀጥሎ ያለውም አጠፋ። ማንም አላዘዛቸውም፤ አንዱ ብቻ ለልብስ ሰፊው «ጡሩምባው እዚህ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ከፊቱ ሞተር አስነሥቼ የቆምኩት እኔ ነበርኩ» ብሎታል። ዛሬ ወረፋ ከሚጠብቁት አውቶቡሶች ከግማሽ በላይ ሞተራቸውን አጥፍተው ይቆማሉ። የጨርቆቹም ቀለም ከአመድነት ወደ ገለባነት እየተመለሰ ነው። ወንድሜ ካለፈው ወር ጀምሮ ጨርቁ ሲፈካ ወጥቶ መናኸሪያውን አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ሁለተኛውን ዙር ገና አልደፈረውም።

ማስጠንቀቂያዎ የደረሰው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። በመቶ ሠላሳ ሰባት ቀን ውስጥ ጽሕፈት ቤትዎ ስለ መናኸሪያው አየር የወሰደው ሁለተኛው እርምጃ ስለሆነ ፍጥነቱን አደንቃለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ሳጥኑን ወደ ቦታው ይመልሱልን። ይህ የማይቻል ከሆነ ሰሌዳውንም ከሳጥኑ ሳይለዩ ኮረብታው ላይ ያውጡልን፤ ችግኞቹም የሚተነፍሱትን የማወቅ መብት አላቸው፣ እኛም ባዶ ምሰሶ አይቶ የሚታለል ሽማግሌ አይኖረንም። ልብስ ሰፊውን በተመለከተ ሕግ አክባሪ ሰው ስለሆነ በሰባተኛው ቀን ጨርቁን ያወርዳል። በዚያኑ ዕለት ግን አሥራ ዘጠኝ ሾፌሮች ያዘዙት አሥራ ዘጠኝ ነጭ የሥራ ካፖርት ተሰፍቶ ስለሚያልቅ፣ እነሱን በየተራ ደጃፉ ላይ ይሰቅላቸዋል። ማስጠንቀቂያውን መስመር በመስመር አነበብነው፤ ልብስ ሰፊ ልብስ መስቀል ስለመከልከሉ ምንም አላገኘንበትም።

ጊዜዎን ሠውተው እዚህ ድረስ ስላነበቡኝ፣ ሳያነቡም ከሆነ «ለሚመለከተው» ብለው ወደ ሌላ ቢሮ ስለሚመሩልኝ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ትንፋሽዎ ረጅም፣ ደረትዎ ቀላል፣ ስምዎም ከመዝገቤ የራቀ እንዲሆን ከልብ የምመኝ፣ ከእግርዎ ሥር አራት ፎቅ ወርጄ ሁሌም በአክብሮት ቀና ብዬ የማይዎ፣

የመስኮት ቁጥር ሦስት የሞት መዝጋቢ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለአራተኛ ፎቅ የተላኩ ሁለት ትልልቅ ካርቶኖች በስሕተት እኛ ክፍል አውርዶ፣ አሳንሰሩ ስለማይሠራ አልሸከምም ብሎ ሄዷል። ካርቶኖቹ ላይ «ለኃላፊው ቢሮ፣ የአየር ማጣሪያ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጎናቸው ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ዕድሜ ያሳጥራል» ተብሎ ታትሟል፤ የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ ይህን ከመግዛቱ በፊት እንዳነበበው እገምታለሁ። ሰው ልከው እስኪያስወስዷቸው ድረስ እንዳይበላሹ በማለት አንዱን በእኔ መስኮት፣ አንዱን በልደት መዝጋቢዋ መስኮት ሰልፍ አጠገብ ሰክተናቸዋል። በደንብ ይሠራሉ። ሰልፍ ላይ ያሉት ሁሉ ስላሰቡላቸው አመስግኝልን ብለውኛል፤ ሊያስወስዷቸው ከፈለጉ ግን ራስዎ ቢመጡ ይሻላል፣ ምክንያቱን ፊት ለፊት ሊጠይቁዎት ይፈልጋሉ።